ደህናውን ስዊች «ሞቷል» ብዬ መለስኩት

ይህን የምጽፈው የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ክዳን ፈትቶ፣ ከክዳኑ ጀርባ የተለጠፈችውን የሽቦ ስዕል እያየ ጭንቅላቱን ለሚያክ ሰው ነው። እኔም እዚያው ቦታ ቆሜ ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ የማያስፈልገኝን ዕቃ ገዛሁ፣ የሚያስፈልገኝን መለስኩ፣ ከሻጭ ጋር ተጨቃጨቅኩ፣ ቤቴንም ላቃጥል ትንሽ ቀረኝ። ለኤሌክትሪክ ባዕድ አይደለሁም። ፊውዝ እቀይራለሁ፣ ሶኬት እገጥማለሁ፣ መልቲሜትርም እይዛለሁ። የጎደለኝ ስዕሉ ላይ ያሉትን የስዊች ምልክቶች ማንበብ ነው። የምችል መስሎኝ ነበር፣ ጣጣውም ከዚያ ጀመረ።

ማሞቂያው አየር የሚነፋው ዓይነት ነው። ውስጡ ሁለት ኤለመንት አለ፣ ከኋላ ፋን አለ፤ ፋኑ አየሩን በጋለው ኤለመንት መሃል እያሳለፈ ክፍሉን ያሞቃል። ሕመሙ ደግሞ እንዲህ ነበር። ማታ ሲሠራ ያመሻል፣ ልተኛ ስል አጠፋዋለሁ፣ ጠዋት ሳበራው ዝም። ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ቀይ ቁልፍ ስጫናት «ቀጭ» ትልና ይነሳል። ማታ አጠፋዋለሁ፣ ጠዋት ዝም። ቀጭ። እንደገና ማታ፣ እንደገና ጠዋት፣ እንደገና ቀጭ።

ቀይዋ ቁልፍ ያለችበት ዕቃ የሙቀት መከላከያ ነው። ውስጡ ከልክ በላይ ሲግል ኃይሉን ይቆርጥና ሰው መጥቶ እስኪጫነው ድረስ አይመለስም። እኔ ግን «ያለ ምክንያት የሚቆርጥ ከሆነ ተበላሽቷል» ብዬ አዲስ ገዛሁ። ገጠምኩት። ጠዋት ዝም። ያኔ ቆም ብዬ «ሲሠራ አምሽቶ ለምን ካጠፋሁት በኋላ ይቆርጣል?» ብዬ ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። እናንተ ግን ጠይቁ። መከላከያ ሲቆርጥ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሌላ ነው፤ ሌባ አይቶ በጮኸ ውሻ ላይ ዱላ ማንሳት ነው የሆነብኝ።

ቀጥሎ ያደረግኩት ያሳፍረኛል፣ ግን እሱን ከደበቅኩ ይህን መጻፌ ለምን ይጠቅማል። የመከላከያውን ሁለት እግሮች በአጭር ሽቦ አገናኘኋቸው። ጃምፐር ማለት ነው። ሁለት ቀን ያለ ችግር ሠራ፣ እኔም ጎበዝ ነኝ አልኩ። በሦስተኛው ምሽት መጋረጃው ተስቦ ከኋላ ያለው የአየር መግቢያ ላይ ተለጠፈ። ፋኑ ይዞራል፣ የሚነፋው አየር ግን የለም፤ ኤለመንቱ ይግላል፣ ይግላል፣ በቃህ የሚለው የለም፣ ምክንያቱም በቃህ የሚለውን እኔው አፉን አፍኜዋለሁ። ሌላ ክፍል ሆኜ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሮጬ ስደርስ ማሞቂያው ራሱ ጠፍቷል። የአንዱ ሽቦ ፕላስቲክ ቀልጦ ቆርቆሮው ላይ ተጣብቋል፣ የመጋረጃው ጫፍ ጠቁሯል። ያዳነኝ ከኤለመንቱ አጠገብ የተደበቀ የሙቀት ፊውዝ ነበር። እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ዕቃ ነው፤ ራሱ ተቃጥሎ ሌላውን ያድናል፣ የሚጫኑት ቁልፍ የለውም። ጃምፐሩን በዚያው ሌሊት ነቀልኩት። እባካችሁ የማሞቂያን መከላከያ በሽቦ አትዝለሉት፣ «ለሙከራ ብቻ» ብላችሁም ቢሆን። የእኔም የጀመረው ለሙከራ ነው።

የሙቀት ፊውዙን በላዩ በተጻፈው ዲግሪና አምፔር ልክ ቀየርኩ። የቀለጠውንም ሙቀት በሚችል ሽቦ ተካሁ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስዕሉን ይዤ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ ያሰናከለኝ የገዛ ቋንቋችን ነው። «ቴሌቪዥኑን ክፈተው» ስንል አብራው ማለታችን ነው። «ሬዲዮውን ዝጋው» ስንል አጥፋው። ቧንቧም ቢሆን ሲከፈት ነው ውሃው የሚወርደው። ስዊች ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዝግ ስዊች ማለት ሁለቱ ብረቶች ተነካክተዋል፣ ኤሌክትሪክ ያልፋል ማለት ነው። ክፍት ማለት ደግሞ በመሃላቸው ክፍተት አለ፣ አያልፍም። ይህን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ግን ሲደክመኝ አእምሮዬ ወደ ለመደው ወደ ቧንቧው ይመለሳል። በመጨረሻ ሁለቱንም ቃላት ተውኳቸውና ለራሴ «የተነካካ» እና «የተላቀቀ» ማለት ጀመርኩ። የእኔን ስም ባትወስዱም የራሳችሁን አውጡለት፣ ብዙ ስህተት ያስቀራል።

ሁለተኛው መሰናክል ዚግዛጉ ነው። የእኔ ስዕል በአሜሪካኖቹ አሳሳል የተሠራ ነው። በዚያ አሳሳል ኤለመንት እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ የሚል መስመር ነው። ቴርሞስታትም፣ በሙቀት የሚሠራው ስዊች ማለት ነው፣ የምትታጠፍ ትንሽ መስመር አለችው። እኔ ሁለቱንም «የሚግል ነገር» ብዬ በአንድ ዓይን አየኋቸውና ስዕሉ ላይ አምስት ኤለመንት ቆጠርኩ፤ ማሞቂያው ውስጥ ያሉት ሁለት ናቸው። ልዩነቱ የመስመሯ ቦታ ነው። የኤለመንቱ ዚግዛግ በራሱ በሽቦው መንገድ ላይ ነው፣ ኃይሉ በውስጡ ያልፋል። የቴርሞስታቷ ግን ከስዊቹ ክንድ ሥር ተንጠልጥላለች። ኃይል አያልፍባትም። «ይህን ክንድ የሚያንቀሳቅሰው ሙቀት ነው» ብላ የምትናገር ምልክት ብቻ ናት።

ከዚያ ደግሞ የሌለ ዕቃ ፍለጋ አንድ ሙሉ ከሰዓት አጠፋሁ። ስዕሉ እንደ መሰላል ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ቋሚዎች የኃይል መስመሮቹ ናቸው፣ በመሃላቸው ያለው እያንዳንዱ እርከን አንድ ሥራ ይሠራል። ኮንታክተር የሚባል ዕቃ አለ፤ ኮይሉ፣ ማለትም የተጠቀለለው ሽቦ፣ ኃይል ሲያገኝ እንደ ማግኔት ስቦ ስዊቾቹን ያንቀሳቅሳል። በአንዱ እርከን የኮንታክተሩ ኮይል ተስሏል፣ ሦስት እርከን ወረድ ብሎ ፋኑ ጋ አንድ ትንሽ ስዊች አለ፤ አጠገቡ የተጻፈው ፊደል ከኮይሉ ጋር አንድ ነው። እኔ ሁለት ዕቃ መስሎኝ ሁለተኛውን ኮንታክተር ፍለጋ ቆርቆሮውን ሁሉ ፈታሁት። ለካ አንድ ዕቃ ነው። ኮይሉ አንድ ቦታ፣ ስዊቾቹ ሌላ ቦታ ይሳላሉ። ስዕሉ የሚያሳየው ኃይሉ የሚሄድበትን መንገድ እንጂ ዕቃው ሳጥኑ ውስጥ የት እንዳለ አይደለም። ተመሳሳይ ፊደል ካያችሁ «ይሄ የዚያ ክንድ ነው» በሉ።

አሁን ወደ ዋናው ስህተቴ ልምጣ።

ስዕሉ ላይ በሙቀት የሚሠሩ ሦስት ስዊቾች ነበሩ። አንዱ የክፍሉን ሙቀት የምንመርጥበት ነው፣ እሱን እናቆየው። የቀሩት ሁለቱ ቀይ ቁልፍ ያለው መከላከያ እና ከፋኑ መስመር ላይ ያለ አንድ ክብ ስዊች ናቸው። ሁለቱም የሳንቲም ስፋት ያላቸው፣ ባለ ሁለት እግር፣ ፊታቸው ብረት የሆነ ዕቃዎች ናቸው። በእጅ ሲያዙ ከቀይዋ ቁልፍ በቀር ወንድማማች ይመስላሉ። ማሞቂያውን ከሶኬቱ ነቀልኩ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ፣ ሽቦዎቻቸውን አላቅቄ ሁለቱንም በመልቲሜትር ነካሁ፤ ውስጣቸው የተነካካ ከሆነ መልቲሜትሩ ይጮሃል። መከላከያው «ጢጥ» አለ። የፋኑ ዝም።

አገኘሁት! ሞቷል! ሄጄ አዲስ ገዛሁ። ከመግጠሜ በፊት ግን ብልጥ ልሁን ብዬ አዲሱን ለካሁት። ዝም። «የተበላሸ ሸጡልኝ» ብዬ ተመልሼ ሄድኩ። ሻጩ ደህና ነው ይላል፣ እኔ መልቲሜትሬን አውጥቼ አሳየዋለሁ። ሰው ተሰበሰበ። በመጨረሻ ገንዘቤን ሰጠኝና «ወንድሜ፣ እንዳልክ ይሁን» አለኝ። አነጋገሩ ውስጥ የነበረውን ነገር የገባኝ በኋላ ነው።

ነገሩን የፈቱልኝ የአባቴ ወዳጅ የሆኑ አንድ ዕድሜ ጠገብ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ስዕሉን ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ማሽን ምን እየሠራ ነው?» አሉኝ።

«እየሠራ... አየር እየነፋ ነዋ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ምንም እየሠራ አይደለም። ተኝቷል። ሶኬት ውስጥ አልገባም፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ማንም አልነካውም። ስዕል የሚሳለው ማሽኑ ተኝቶ ነው። አንተም ተኝተህ ፊትህን ባይ ስትነቃ ምን እንደምታደርግ አላውቅም፤ ይሄም እንደዚያው ነው» አሉ።

ቁልፉ እሱ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ስዕሉን ማሽኑ አሁን ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ ፎቶ አድርጌ ነበር የማነበው። የተላቀቀ የተሳለ ስዊች ሳይ «እዚህ ጋ ተቆርጧል» እላለሁ። እሱ ግን «ሥራዬ ገና አልጀመረም» ማለቱ ነው። ኤንኦ እና ኤንሲ የሚባሉት ጽሑፎችም ይህንኑ ነው የሚሉት። ኤንኦ ሲያርፍ የተላቀቀ፣ ኤንሲ ሲያርፍ የተነካካ። አሁን በዚህ ደቂቃ እንዴት እንደሆነ አይነግሯችሁም።

ከዚያ እስክሪብቶ አነሱና ሁለቱን ስዊቾች ጎን ለጎን አሳዩኝ። «ሙቀት ሲጨምር ክንዱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁልጊዜ ወደ ላይ። አሁን አንተ ንገረኝ» አሉ። የመከላከያው ክንድ ከመስመሩ በላይ ሆኖ የወዲያኛዋን ነጥብ ከላይዋ ነክቷል። ወደ ላይ ከተገፋ ይላቀቃል። ስለዚህ ሲግል የሚቆርጥ ነው። የፋኑ ክንድ ግን ከነጥቧ ሥር ወደ ታች ዘንበል ብሎ ቀርቷል። ወደ ላይ ከተገፋ ይነካካል። ሲሞቅ የሚያገናኝ ነው! አንድ ዓይነት መስመር የተንጠለጠለባቸው ሁለት ስዊቾች ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። ይህን ያወቅኩት ክንዱ ከነጥቧ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን በማየት ብቻ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህቺን ያዙ።

የሚገርመው ያው ደንብ ለሌሎቹም ይሠራል። ከክንዱ ሥር እንደ ተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ያለች ነገር ከተሳለች የሚገፋው ግፊት ነው። ባንዲራ የምትመስል ከሆነች የውሃ ወይም የአየር ፍሰት ነው። ኳስ ከተንጠለጠለች የውሃ ከፍታ ነው። ግፊቱም፣ ፍሰቱም፣ ውሃውም ሲጨምር ክንዱ ወደ ላይ ይሄዳል።

አሁን የማሞቂያው ሕመም ራሱን ፈታ። ሲሠራ ፋኑን የሚያዞረው የኮንታክተሩ ትንሽ ስዊች ነው። ሳጠፋው ኮንታክተሩ ይላቀቃል፣ ያኔ ክቡ ስዊች «ገና ትኩስ ነው» ብሎ ፋኑን ይዞ መቆየት አለበት፣ እስኪቀዘቅዝ። የእኔው አልያዘም። ፋኑ ከኤለመንቱ ጋር አብሮ ይቆማል፣ በኤለመንቱ ውስጥ የቀረው ሙቀት መውጫ ያጣል፣ መከላከያውን ያገኘዋል፣ እሱም ይቆርጣል። ማታ ሳጠፋው የሚሆነው ይሄ ነበር፣ ጠዋት ዝም የሚለውም ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ እንዲህ ዓይነት ማሞቂያ አደጋ ካልመጣ በቀር ገመዱን ከሶኬት በመንቀል አይጠፋም። በራሱ ማጥፊያ አጥፍታችሁ ፋኑ እስኪቆም ጠብቁት፤ ሲነቅሉት ደህናውም ስዊች ቢሆን ፋኑን የሚይዝበት ኃይል አያገኝም።

አሮጌውን ስዊች ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር። ጋሼ ከዕቃ ሣጥናቸው ሌላ ተመሳሳይ አወጡና ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። በሁለቱም ላይ 50 የሚል ቁጥር አለ፣ የሚሠሩበት ዲግሪ ነው። መልቲሜትሩን በመጀመሪያው እግሮች ላይ አሰሩ፣ የፀጉር ማድረቂያ በብረት ፊቱ ላይ ያዙ። ትንሽ ቆይቶ «ጠቅ» አለ፣ መልቲሜትሩም ጮኸ። ማድረቂያውን ሲያነሱት ቀዘቀዘና ተመልሶ «ጠቅ»፣ ዝምታ። ውስጡ ሲሞቅ እንደ ጣሳ ክዳን ጎብጦ የሚገለበጥ ስስ ብረት አለ፤ ድምፁ የእሱ ነው። የእኔን ደግሞ ቢያሞቁት ቢያሞቁት ዝም። በእርግጥም ሞቷል። ማለትም ስለ ዕቃው ትክክል ነበርኩ፣ ምክንያቴ ግን ከጅምሩ ስህተት ነበር። በስህተት ምክንያት ትክክል መሆኔም ደህናውን ዕቃ አስመለሰኝ።

ስለዚህ በሙቀት የሚሠራ ስዊች ስትፈትሹ ቀዝቃዛውን ብቻ ለክታችሁ አትፍረዱ። ስዕሉን እዩ፣ ቀዝቅዞ ምን መሆን እንዳለበት ከመለካታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ቀዝቃዛውንም የሞቀውንም ለኩ። ደግሞ ቢያንስ አንዱን ሽቦ አላቅቁ። የእኔ የፋን ስዊች ከኮንታክተሩ ስዊች ጋር ጎን ለጎን የተገናኘ ነው፤ ሽቦው ሳይላቀቅ ቢለካ መልቲሜትሩ የአንዱን ንባብ የሌላው አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። ኃይል እያለ በቮልት መለካትን ለሚያውቁት ተዉላቸው። እዚያም ቢሆን ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች፦ በተነካካ ስዊች ሁለት እግሮች መሃል የሚነበበው ዜሮ ቮልት ነው። ሙሉው ቮልት የሚነበበው በተላቀቀው ላይ ነው። «ዜሮ ነው፣ ስዊቹ ሞቷል» የሚል ሰው ሰምቼ አውቃለሁ።

ወደ ሱቁ ተመልሼ ሄድኩ። ሻጩ ገና ሲያየኝ ያንኑ ስዊች ከመደርደሪያ አውርዶ «ትንሣኤ አገኘ እንዴ?» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ገጠምኩ፣ በዚያ ምሽት አጠፋሁት። ኤለመንቱ ጠፋ፣ ፋኑ ቀጠለ። ሦስት ደቂቃ ገደማ ዞረ። ጠቅ። ጠዋት ያለ ቀይ ቁልፍ ተነሳ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ስዕል ያሳየኛል። አንዳንዱ ስዕል በአውሮፓውያኑ አሳሳል፣ አይኢሲ 60617 በሚባለው ደረጃ የተሠራ ነው፤ መጀመሪያ ሳየው የተማርኩት ሁሉ ጠፋብኝ። እዚያ ኤለመንት ዚግዛግ አይደለም፣ በውስጡ መስመሮች የተሰመሩበት ረጅም ሣጥን ነው። ፊውዝ ደግሞ አንድ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያልፍበት ሣጥን ነው፣ አታምታቷቸው። ቁጥሮቹ ግን ከአሜሪካኖቹ ይልቅ ደጎች ናቸው። በኮንታክተር ትንንሽ ስዊቾች ላይ ባለ ሁለት አሃዙ ቁጥር በ1 እና 2 ካለቀ፣ ለምሳሌ 21 እና 22፣ ሲያርፍ የተነካካ ነው። በ3 እና 4 ካለቀ፣ ለምሳሌ 13 እና 14፣ ሲያርፍ የተላቀቀ ነው። ማሽኑ ተኝቶ መሳሉም እዚያ አልተለወጠም።

በቅርቡ አንድ ዘመዴ «ቦይለሬ ትንሽ ሙቅ ውሃ ይሰጥና ያልቅበታል፣ የታችኛው ኤለመንት ተቃጥሏል» ብሎ ጠራኝ። ኤለመንቱን ገዝቶ ጨርሷል። ኃይሉን ከብሬከሩ አጥፍተን፣ መጥፋቱንም አረጋግጠን ስዕሉን አየነው። የላይኛው ቴርሞስታት ባለ ሦስት እግር ነው፤ ክንዱ መጀመሪያ ወደ ላይኛው ኤለመንት ይቆማል፣ የላይኛው ውሃ ሲሞቅ ዘሎ ወደ ሦስተኛው እግር ይሄዳል፣ ለታችኛው ኃይል የሚደርሰው በዚያ በኩል ብቻ ነው። ከላይ ያለው መከላከያ ደግሞ ሁለት ስዊች ሆኖ ተስሏል፣ በመሃላቸው የተቆራረጠ መስመር አለ። ሽቦ አይደለም፤ ሁለቱ ክንዶች አብረው እንደሚንቀሳቀሱ የሚናገር ነው፣ ሲቆርጥ ሁለቱንም መስመር ይቆርጣል። የታችኛውን ኤለመንት አንድ ሽቦውን አላቅቄ ለካሁት፣ 26 ኦም ገደማ። ባለ 2000 ዋት ነው፣ 230 ቮልት ላይ ሊሆን የሚገባውም ያው ነው። የላይኛው ውሃ ትኩስ እንደሆነ የላይኛውን ቴርሞስታት ለካሁ። ክንዱ ከላይኛው ኤለመንት እግር ለቋል፣ ሦስተኛው ጋ ግን አልደረሰም። ቴርሞስታቱን ቀየርን። ኤለመንቱ እስከ ዛሬ ካርቶኑ ውስጥ ነው።